በአዳማ በፐርክሎሮኤቲሊን የሚያጥብ ላውንድሪ፦ ስለ ልብሱም ስለ ፈሳሹም የቀረበ ግምገማ

በአዳማ ላውንድሪ ቤት ማግኘት አስቸጋሪ አይደለም። ከተማዋ የስብሰባና የሠርግ ከተማ በመሆኗ ሱፍ ለብሶ የሚውለው ሰው ብዙ ነው፤ ከነፋሱ ጋር የሚነሣው አቧራ ደግሞ ጠዋት የተለበሰ ኮት እስከ ማታ ንጹሕ ሆኖ እንዲቆይ አይፈቅድም። አስቸጋሪው ነገር በሰሌዳው ላይ «ደረቅ እጥበት» ብሎ ጽፎ በእርግጥም ያለ ውኃ የሚያጥብ ቤት ማግኘት ነው። ብዙዎቹ ሱፉን በቀዝቃዛ ውኃና በለስላሳ ሳሙና በጥንቃቄ አጥበው፣ በጥላ አድርቀውና በእንፋሎት ካውያ ተኩሰው ይመልሳሉ። ይህ ለብዙ ልብስ ጥሩ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ሌላ ሥራ ነው፤ ዋጋውም ሌላ ሊሆን ይገባል።

ይህ ግምገማ የሚመለከተው በአሰላ መውጫ መንገድ ላይ ያለን አንድ ላውንድሪ ቤት ነው። ባለቤቷ የቤቱ ስም እንዲጻፍ ስላልፈቀዱ አልጠቅሰውም። ከመንገዱ ሆኖ በመስታወቱ ውስጥ ወደ ጓዳው ለሚመለከት ሰው ግን፣ ከተራ የልብስ ማጠቢያ እጅግ የሚገዝፈው የጣሊያን ሥሪት ማሽን ራሱ በቂ ምልክት ነው። ማሽኑ የሚሠራው ፐርክሎሮኤቲሊን በሚባል ፈሳሽ ሲሆን፣ የቤቱ ሠራተኞች አሳጥረው «ፐርክ» ይሉታል። ኬሚስትሪ የማስተምር ሰው እንደ መሆኔ ሁለት ጥያቄ ይዤ ነው የገባሁት፦ አንደኛው ልብሱ እንዴት ሆኖ ተመለሰ የሚል፣ ሁለተኛው ፈሳሹ ከማሽኑ ወጥቶ ወዴት ሄደ የሚል ነው። ሁለተኛውን ጥያቄ በአግባቡ ያልመለሰ ደረቅ እጥበት፣ ልብሱን የቱንም ያህል ቢያነጻ፣ የተሟላ አገልግሎት ሰጠ ለማለት አልችልም።

ስለ ፈሳሹ ልጀምር፤ የአገልግሎቱ ጥንካሬም ድክመትም የሚመነጨው ከእርሱ ነውና። ፐርክሎሮኤቲሊን፣ በሌላ ስሙ ቴትራክሎሮኤቲሊን፣ ክሎሪን ካዘሉ ኦርጋኒክ፣ ማለትም በካርቦን ላይ ከተመሠረቱ፣ ውህዶች አንዱ ነው። ሞለኪዩሉ በድርብ ቦንድ (በአቶሞች ትስስር) የተያያዙ ሁለት የካርቦን አቶሞችና አራት የክሎሪን አቶሞች ብቻ አሉት፤ ሃይድሮጂን የለበትም። መጀመሪያ የሠራው እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1821 ነበር። ቀለም የለውም፤ ሽታው ጣፈጥ ያለና ኤተርን የሚመስል ነው። እፍግታው 1.62 ስለሆነ አንድ ሊትሩ ከ1.6 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፤ ውኃ የተሞላ መስሎት ጀሪካኑን የሚያነሣ ሰው በክብደቱ ይደነግጣል። በባሕር ጠለል ደረጃ በ121 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚፈላ ቢሆንም፣ በክፍል ሙቀትም ሳያቋርጥ ይተናል። ተኑ ከአየር ከአምስት እጥፍ በላይ ይከብዳል፤ ስለዚህ በብዛት ሲወጣ ወደ ጣሪያ ከመነሣት ይልቅ ወለል ላይ ይተኛል። ይህን የመጨረሻ ነጥብ አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ የዚህን ቤት ትልቅ ጉድለት የሚገልጠው እርሱ ነው።

ክሎሪን ሲባል ሰው ሁሉ በረኪናን ያስባል። ባለቤቷም ደንበኞች «ክሎሪን ካለበት ቀለሙን አይበላውም ወይ?» እያሉ ደጋግመው እንደሚጠይቋቸው ነግረውኛል። አይበላውም። በበረኪና ውስጥ ያለው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ኦርጋኒክ ያልሆነ ጨው ነው፤ ያገኘውን ማቅለሚያ በፍጥነት እያጠቃ መልኩን ያጠፋል። በፐርክ ውስጥ ግን ክሎሪኑ ከካርቦን ጋር በጠንካራ ቦንድ ተይዟል፤ ከጨርቁም ከማቅለሚያውም ጋር ጉዳይ የለውም። ቅባትን፣ ሰምንና ዘይትን ያሟሟል፤ ሱፍን፣ ሐርንና ፖሊስተርን ሳይነካ ያልፋል። በሞለኪዩሉ ውስጥ የሚነድ ሃይድሮጂን ስለሌለም እሳት አይይዝም።

የዚህን የመጨረሻ ባሕርይ ዋጋ ለመረዳት ከፐርክ በፊት የነበረውን ማየት ያስፈልጋል። በአውሮፓ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደረቅ እጥበት ሲጀመር አሟሚዎቹ ተርፔንታይን፣ ላምባና ቤንዚን ነበሩ፤ የማጠቢያ ቤቶች ቃጠሎም የሙያው መቅሠፍት ነበር። ከእሳቱ ለማምለጥ ካርቦን ቴትራክሎራይድ ተመረጠ። እርሱ በእርግጥም አይነድም፤ እንዲያውም በእሳት ማጥፊያ ዕቃዎች ውስጥ ይሞላ ነበር። ነገር ግን ጉበትን ክፉኛ ይጎዳል፤ በጋለ ብረት ላይ ሲረጭም ፎስጂንን፣ ያንኑ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ብዙ ወታደር የጨረሰውን ጋዝ ይፈጥራል። የኦዞንን ንጣፍም የሚያሳሳ ሆኖ በመገኘቱ እ.ኤ.አ. በ1990 በለንደን በተደረገው ማሻሻያ በሞንትሪያል ፕሮቶኮል ሥር ገባ። ትራይክሎሮኤቲሊንም ተሞክሮ ነበር፤ ነገር ግን አሲቴት በሚባል ሰው ሠራሽ ጨርቅ ላይ ያለውን ቀለም ስለሚያስለቅቅ ከልብስ ይልቅ በፋብሪካ የብረት ቅባት ማጽጃ ሆኖ ቀረ። ፐርክ የተመረጠው በዚህ መንገድ ነው። በእኛ ከተማ ዛሬም በኮት ላይ የፈሰሰን ዘይት በቤንዚን ነክሮ የሚያሽ ሰው አለ፤ ያውም ከሰል በተያያዘበት ቤት ውስጥ። ለዚህ ሰው ወደ ላውንድሪ ሂድ ማለት ሕይወቱን አትርፍ ማለት ነው።

ወደ ልብሱ ልምጣ። የሰጠሁት አንድ ጥቁር ግራጫ ሱፍ ከነሱሪው፣ ጥለት ያለው የእናቴ ነጠላና አንድ የሐር ሻርፕ ነበር። በሱፉ ቀኝ እጅጌ ላይ በሠርግ ቤት የፈሰሰ የዶሮ ወጥ ደርቆበታል። ወጥ ሦስት ዓይነት ቆሻሻ በአንድ ጊዜ ያትማል፦ ቅቤውን፣ የበርበሬውን ቀይ ቀለም፣ እንዲሁም ከሽንኩርቱ የወጣውን ስኳርና ጨው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለፐርክ እጅ ይሰጣሉ፤ የበርበሬ ቀለም በቅባት የሚሟሟ ስለሆነ ከቅቤው ጋር አብሮ ይወጣል። ሦስተኛው ግን የውኃ ወገን ነው፤ ስኳርም ጨውም ላብም በፐርክ አይሟሙም። ስለዚህ ልብሱ ወደ ማሽኑ ከመግባቱ በፊት እድፉ ያለበት ቦታ በጠረጴዛ ላይ ለብቻው መሠራት አለበት፤ ይህን የሚዘልል ላውንድሪ ልብሱን ቅባት አልባ አድርጎ እድፉን ግን እንዳለ ይመልሳል።

የዚህ ቤት ባለሙያ አልዘለለውም። እጅጌውን ገልብጦ ፊቱን በነጭ ጨርቅ ላይ አስተኛው፤ በእጁ በያዘው የእንፋሎት መርጫ እንፋሎቱን ከጀርባው በኩል አሳለፈበት፤ ጥቂት ሳሙና ጠብ አድርጎ በጣቱ ጫፍ መታ መታ አደረገው እንጂ አላሸውም። ሱፍ በእርጥበትና በሙቀት ከታሸ ክሩ እርስ በርሱ ተያይዞ ይጠጥራል፤ ከዚያ በኋላ የሚመልሰው የለም። ነጩ ጨርቅ ላይ ቡናማ ክብ ወረደ፤ ጨርቁን አዙሮ ደገመው፤ ሁለተኛው ክብ ፈዛዛ ነበር። ልብሱ ተጠናቅቆ ሲመጣ እጅጌውን ፀሐይ ላይ አንጥፌ በአጉሊ መነጽር ብመለከተው የወጡ ቦታ የት እንደ ነበር ለመለየት አልቻልኩም። የኮቱ ትከሻም ቅርጹን እንደ ጠበቀ ነው፤ በውኃ የታጠበ ሱፍ በትከሻውና በደረቱ ላይ የሚያሳየው መሸብሸብ አይታይበትም።

ነጠላው ይበልጥ አስደስቶኛል። ራሳቸውን ቅቤ የሚቀቡ እናቶች ነጠላ ግንባር የሚነካው ጠርዙ በጊዜ ብዛት ወደ ቢጫ ይለወጣል፤ ቅቤው በክሮቹ መካከል ገብቶ ይሸታል፤ ሳሙናም አይደርስበትም። በሙቅ ውኃ እንዳይሞከር የጥለቱ ቀለም ወደ ነጩ ይለቃል፣ ሸማውም ይሰበሰባል። ፐርክ ሁለቱንም አያደርግም፤ የጥጥ ክር ውኃ ጠጥቶ እንደሚያብጠው በፐርክ አያብጥም፤ በውኃ የሚለቅቁ የጥለት ማቅለሚያዎችም በእርሱ አይሟሙም። ነጠላው ሲመለስ ጠርዙ ከመሀሉ ጋር አንድ ዓይነት ነጭ ሆኖ ነበር፤ ጥለቱም ንቅንቅ አላለም። የሐሩ ሻርፕ ላይ የነበረው የአልጫ እርድ ግን ፈዛዛ ቢጫ ጥሎ ቀርቷል። ልብስ የምትቀበለው ልጅ ገና ስትቀበለኝ «እርድ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ይለቃል ብዬ ቃል አልገባልዎትም» ብላ በደረሰኙ ላይ ስለ ጻፈችው ቅሬታ የለኝም። አስቀድሞ የሚሆነውንና የማይሆነውን የሚናገር ላውንድሪ ብርቅ ነው።

ይህች ልጅ በሥራዋ ጎበዝ ናት። ልብሱን ከመዘኗ በፊት ኪሱን ትፈትሻለች፣ ቁልፎቹን ትነካካለች፣ ከዚያም በውስጠኛው ስፌት ላይ ያለውን ምልክት ታነብባለች። በክብ ውስጥ «ፒ» የሚለው የላቲን ፊደል ካለ ልብሱ በፐርክ ሊታጠብ ይችላል፤ «ኤፍ» ካለ ለቀለል ያለ የነዳጅ አሟሚ ብቻ የተፈቀደ ነው፤ ክቡ በመስቀል ከተሰረዘ ደረቅ እጥበት ጭራሹኑ አይነካውም። እዚያው ቆሜ ሳለሁ አንድ ወጣት ቆዳ የሚመስል ጃኬት ይዞ መጣ። ልጅቷ ጠርዙን በጥፍሯ ፍቃ አይታ «ወንድሜ፣ ይሄ ቆዳ አይደለም፤ እኛ ጋ ከገባ ደርቆና ተሰነጣጥቆ ነው የሚወጣው» ብላ መለሰችለት። ትክክል ናት። ጃኬቱ የተሠራው ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክ ከሆነ የሚያለሰልሰው የተቀላቀለበት ቅባታማ ማለስለሻ ነው፤ ፐርክ ያን ማለስለሻ ጠራርጎ ያወጣዋል፤ የሚቀረው ግትር ፕላስቲክ ነው። ገንዘብ እያለ ሥራ አልቀበልም ማለት ቀላል ነገር አይደለም።

ፒቪሲ ራሱ የዚሁ የክሎሪን ቤተሰብ አባል መሆኑ ያስገርማል። ክሎሪን ከካርቦን ጋር ሲጣመር የሚወጣው ነገር እጅግ የተለያየ ነው፦ በቤታችን ግድግዳ ውስጥ ያለፈው የውኃ ቱቦ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1847 ሐኪሙ ሲምፕሰን በስኮትላንድ ኤድንብራ ለማደንዘዣ ያዋለው ክሎሮፎርም አለ፤ ዲዲቲም አለ። በቆቃና በወንጂ አካባቢ ያደገ ሰው ለወባ ሲባል ግድግዳ የሚረጭበትን ጊዜ ያስታውሳል። የዲዲቲን ተባይ ገዳይነት እ.ኤ.አ. በ1939 ያገኘው ፓውል ሙለር በ1948 የኖቤል ሽልማት ተሸለመ፤ በ2001 የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት ደግሞ ዲዲቲን በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ከመቆጣጠር በቀር ለሌላ ጥቅም እንዳይውል ገደበው። ሽልማቱንም ገደቡንም ያስከተሉት እነዚያው ባሕርያት ናቸው፦ በቀላሉ አይበሰብስም፣ ቅባትንም ይወዳል። ግድግዳ ላይ ለወራት የሚቆየው ስለማይበሰብስ ነው፤ በእንስሳትና በሰው ስብ ውስጥ የሚከማቸውም ስለዚሁ ነው። ፐርክ ከዲዲቲ ይልቅ ከሰውነት ቶሎ ይወጣል፤ ቢሆንም የነጠላውን ቅቤ የሚወድ ፈሳሽ የሠራተኛውን ስብም አንጎልም እንደሚወድ መዘንጋት አይገባም።

አሁን ወደ ማሽኑ ልግባ። ልብሱ ደረቅ ሆኖ ይገባል፣ ደረቅ ሆኖም ይወጣል፤ በመካከል በሩ አይከፈትም። ፐርኩ ከታች ካለው ታንክ ተስቦ ወደ ከበሮው ይገባና በማጣሪያ እያለፈ ይዞራል፤ ከዚያ ከበሮው በፍጥነት ተሽከርክሮ ይጨምቀዋል፤ ቀጥሎ የሞቀ አየር ይነፋበታል። ያ አየር ፐርክ ተሸክሞ ሲወጣ በቀዘቀዘ ጥቅልል ላይ ያልፋል፤ ተኑ እንደገና ፈሳሽ ሆኖ ወደ ታንኩ ይመለሳል። የቆሸሸው ፐርክ የሚነጻው ደግሞ አረቄ በምታወጣ ሴት ጥበብ ነው፦ ከታች ይፈላል፣ ተኑ ቀዝቅዞ ንጹሑ ይጠራቀማል፣ አተላው ከታች ይቀራል። በዚህ ምክንያት አንድ ጊዜ የተገዛ ፐርክ ደጋግሞ ይሠራል፤ ለፈሳሹ ውድነትም ለአካባቢውም መፍትሔው ይኸው ዑደት ሳይፈስስ መጠበቁ ነው።

ባለሙያው በማሽኑ ጎን ያለችውን ትንሽ መስታወት አሳየኝ። በውስጧ ሁለት ፈሳሽ ተደራርቦ ይታያል፤ መለያው መስመር ፀጉር ያህል ቀጭን ነው። ከልብሱና ከእንፋሎቱ የመጣው ውኃ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ፐርኩ ከታች ይተኛል፤ ከውኃ በላይ ስለሚመዝን ነው። ከታች ያለው ወደ ታንኩ ይመለሳል፤ ከላይ ያለው ውኃ በቀጭን ቱቦ ወደ ባልዲ ይንጠባጠባል። ባልዲው ሲሞላ የት እንደሚደፋ ስጠይቀው በእጁ ወደ ግቢው የፍሳሽ ቀዳዳ ጠቆመኝ።

የዚህ ቤት የመጀመሪያው ከባድ ጉድለት ይህ ነው። ውኃው ጠርቶ ስለታየ ንጹሕ አይደለም። በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ከ150 እስከ 200 ሚሊግራም የሚደርስ ፐርክ ሊሟሟ ይችላል፤ የአሜሪካ የመጠጥ ውኃ ደንብ የሚፈቅደው ደግሞ በሊትር 5 ማይክሮግራም ነው። በባልዲው ውስጥ ያለው ውኃ ከዚህ ወሰን ከ30,000 እጥፍ ያላነሰ ሊይዝ ይችላል ማለት ነው። ስሌቱን ከሌላ አቅጣጫም ማየት ይቻላል፤ አንድ ሊትር ፐርክ ወደ መሬት ቢፈስስና በውኃ ውስጥ ቢሠራጭ ከ300 ሚሊዮን ሊትር በላይ ውኃ እስከዚያ ወሰን ድረስ ሊበክል ይችላል። ዘይት ቢፈስስ በከርሰ ምድር ውኃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ፐርክ ግን ውኃውን አልፎ ወደ ታች ይሰምጣል፣ ከሥሩ ባለው አለት ላይ ይተኛል፣ ከዚያም ለብዙ ዓመታት በጥቂት በጥቂቱ ይሟሟል። አዳማ የምትጠጣው በዋናነት ከአዋሽ ተጣርቶ የሚመጣውን ውኃ ቢሆንም፣ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ በጉድጓድ ውኃ የሚኖረው ሕዝብ ብዙ ነው፤ በወንጂ ፍሎራይድ በጥርስና በአጥንት ላይ ያደረሰውን ያየ ሰው ሌላ ሸክም እንዲጨመር አይፈቅድም። ያ የባልዲ ውኃ በከሰል ማጣሪያ መጣራት ወይም ተከድኖ ለብቻው መጠራቀም ይገባዋል።

ሁለተኛው ጉድለት አየሩ ነው። ልብስ የሚተኮስበት ክፍል ከማሽኑ ክፍል የሚለየው በመጋረጃ ብቻ ነው። የአየር ማስወጫው ከጣሪያ ሥር ተሰቅሏል፤ ከባዱ ተን ግን የሚጠራቀመው ከታች ነው። ይባስ ብሎ የሠራተኞቹ የቡና ምድጃ በመተኮሻው ክፍል ወለል ላይ፣ ከመጋረጃው አጠገብ ነበር። ፐርክ አይነድም ማለት እሳት አይለውጠውም ማለት አይደለም፤ ተኑ በጋለ ከሰል ውስጥ ሲያልፍ ተበታትኖ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋዝና ፎስጂን ሊፈጥር ይችላል። በግድግዳው ላይ ሲጋራ ማጨስ ክልክል መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ተለጥፏል፤ ክልከላው ለከሰልም መሆኑን ግን የነገራቸው አልነበረም። ባለሙያው ሌላም ነገር ነግሮኛል፦ «መምህር፣ ድሮ ሽታው ይሰማኝ ነበር፤ አሁን ግን አይሰማኝም።» ይህን ያለው የለመደውና የተሻለው መስሎት ነው። አፍንጫ ፐርክን ቶሎ ይላመዳል፤ ጉበት፣ ኩላሊትና ነርቭ ግን አይላመዱም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ፐርክን በሰው ላይ ካንሰር ሊያስከትል እንደሚችል በሚገመትበት ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ለዚህ ወጣት ጓንትና ለኦርጋኒክ ተን የተሠራ ማጣሪያ ያለው ጭንብል ያስፈልገዋል፤ የጨርቅ ጭንብል ተኑን አያስቀርም።

መብራት ሲጠፋም ችግር አለ። የማድረቂያው ዑደት በመሀል ሲቋረጥ ማቀዝቀዣው ይቆማል፤ ከበሮው ውስጥ ያለው ልብስ ገና ፐርክ እንደ ጠጣ ነው። ደንበኛ ቸኩሎ ቆሞ ሳለ በሩን ከፍቶ ልብሱን በጓሮ ማስጣት ይቀናል፤ ሌሎቹ ልብሶቼ ያለ ሽታ ሲመለሱ ኮቱ በላስቲኩ ውስጥ ግልጽ የሆነ ጣፋጭ ሽታ ይዞ የመጣው በእንዲህ ያለ ቀን ይመስለኛል፤ በዚያ ሳምንት መብራት ደጋግሞ ጠፍቶ ነበርና። በአግባቡ የደረቀ ልብስ ሊሸት አይገባም። ቤቱ ጄኔሬተር እስኪኖረው ድረስ መብራቱ እስኪመለስ መጠበቅና ዑደቱን እስከ መጨረሻው ማስኬድ አለበት፤ ደንበኛም ይህን መታገሥ ይኖርበታል።

ያየሁትን ለባለቤቷ በዝርዝር ነገርኳቸው። አልተቆጡም። የቡናውን ምድጃ ወዲያው ወደ በረንዳ አስወጡት፤ የአየር ማስወጫውን ወደ ወለሉ ለማውረድ ባለሙያ እንደሚያመጡ ነገሩኝ። በጓሮ ስላለው የአተላ በርሜል ስናነሣ ግን «መምህር፣ የት ልውሰደው? ማንስ ይቀበለኛል?» አሉኝ። ጥያቄያቸው እውነተኛ ነው። እንዲህ ያለ ክሎሪን ያዘለ ዝቃጭ ከ1,000 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀትና ጋዙን በሚያጥብ ምድጃ ካልተቃጠለ በቀር አይጠፋም፤ ሜዳ ላይ ማቃጠል ደግሞ ዳዮክሲን የሚባሉትን ከራሱ የከፉ መርዞች ይወልዳል። አገራችን ጊዜ ያለፈባቸውን የተባይ ማጥፊያ ክምችቶቿን ለማስወገድ እስከ ፊንላንድ ድረስ መላክ ግድ ሆኖባት ነበር። አንዲት የላውንድሪ ባለቤት ብቻዋን የምትፈታው ነገር አይደለም። እስከዚያው በርሜሉን በጥብቅ ክዳን ዘግቶ፣ በጥላ ሥር፣ በሲሚንቶ በተገደበ ወለል ላይ ማኖር ግን በእርሳቸው እጅ ነው፤ እኔ ያየሁት በርሜል ክዳኑ የላላና በባዶ አፈር ላይ የቆመ ነበር።

ዓለም ከፐርክ እየራቀ መሆኑንም ነግሬያቸዋለሁ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ባወጣችው ደንብ በደረቅ እጥበት የሚውለውን ፐርክ በ10 ዓመት ውስጥ ለማስቀረት ወስናለች፤ ካሊፎርኒያ ከዚያ ቀድማ አስቀርታዋለች። ምትክ ሆነው የቀረቡት የነዳጅ ዘር አሟሚዎች መርዛማነታቸው ያነሰ ቢሆንም እሳት ይይዛሉ። በግፊት ፈሳሽ የሆነው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ንጹሕ ነው፤ ማሽኑ ግን እጅግ ውድ ነው። ለአዳማ የሚስማማው፣ በእኔ ግምት፣ ሙቀቱንና የከበሮውን እንቅስቃሴ በጥንቃቄ የሚቆጣጠር የውኃ ማሽንና ከእጥበት በኋላ ቅርጹን የሚመልስ የመተኮሻ ዕቃ ነው። አብዛኛውን ሱፍ በደኅና ያጥባል፤ የቅቤ ነጠላ ላይ ግን ፐርክን የሚተካከል እስካሁን አላየሁም።

በዚህ ቤት መገልገል የሚፈልግ ሰው ሱፍ ኮቱን፣ ሐሩን፣ ቅቤ የጠጣ ጥለታም ነጠላውን ሳይሠጋ ይውሰድ። ዋጋው በውኃ ከሚያጥቡት ይበልጣል፤ ሥራው ግን ለዋጋው ይመጥናል። ላብ ብቻ ያለበትን ሸሚዝ፣ የአልጋ ልብስንና የሕፃን ብርድ ልብስን አይስጥ፤ እነዚህ ለውኃና ለሳሙና የተፈጠሩ ናቸው። ልብሱን ሲረከብ እዚያው ላስቲኩን ከፍቶ ያሽትተው፤ ከሸተተ ያለ ክርክር ይመልሰውና እንደገና እንዲደርቅ ያድርግ፤ እኔ ኮቴን ስመልስ ያለ ተጨማሪ ክፍያ አድርቀው ሰጥተውኛል። ያልሸተተውንም ቢሆን ላስቲኩን አውልቆ ነፋስ በሚገባበት በረንዳ ላይ አንድ ቀን ይስቀለው እንጂ በተቆለፈ ቁም ሣጥን ወይም በአዳማ ፀሐይ መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥ አይተወው። ልብስ የሚቀበሉት ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ነው፤ የእርድና የቀለም እድፍ ያለበት ካለ ጠዋት ባለሙያው ባለበት ሰዓት ይዞ ሄዶ ቦታውን በጣቱ ያሳየው።